ያገለገለ ኮምፒውተር ሲሰጥ አብሮት የሚሄደው

ወልድያ ውስጥ ኮምፒውተር አይጣልም። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የተገዛለት ላፕቶፕ፣ ሲመረቅ ለታናሽ ወንድሙ ይተላለፋል። ታናሹ ሲሰለቸው ወይም ባትሪው ሲደክም ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ይሸጣል። እዚያም ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ይፈታና ስክሪኑ ለአንዱ፣ ራሙ ለሌላው ይሆናል። በደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መርሳ ቢደረስም ነገሩ ያው ነው። ዕቃ ውድ በሆነበት አገር ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሊቀጥልም ይገባል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ቻርጀሩና ቦርሳው ተቆጥረው ይረከባሉ፤ ዲስኩ ውስጥ ያለውን የሚቆጥር ግን የለም።

ከአራት ዓመት የካምፓስ ኑሮ በኋላ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ የሚጠራቀመው ባለቤቱ ከሚገምተው በላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የቀበሌ መታወቂያና የፋይዳ ስካን፣ ለሥራ የተላከ ሲቪ ከነስልክ ቁጥሩ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የእህት ሠርግ ፎቶ፣ ለማንም ያልተነገረ ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ነው። ጉግል ክሮም «ላስቀምጠው?» እያለ የያዛቸው የይለፍ ቃሎችም አሉ። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ አንዴ ከተከፈተ ባለቤቱ ራሱ ካልወጣበት ለረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ላፕቶፑን የተረከበው ሰው ሲከፍተው የቀድሞው ባለቤት ትናንት ማታ የተጻጻፈው ሁሉ ከፊቱ ይዘረገፋል።

የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ከዚህም ይብሳል፤ የያዘው የአንድ ሰው ጉዳይ ሳይሆን የከተማ ጉዳይ ነው። ከሐብሩ ወረዳና ከአካባቢው ወደ ሳውዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው። የፓስፖርት ማመልከቻ በኢንተርኔት መሞላት ከጀመረ ወዲህ ቅጹን የሚሞላለት፣ የልደት ሰርተፊኬቱንና መታወቂያውን ስካን የሚያደርግለት ይኸው ጽሕፈት ቤት ነው። ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ ለባለቤቱ ይመለሳል። ምስሉ ግን ከሌሎች ደንበኞች ወረቀት ጋር «ስካን» ወይም «ዳውንሎድ» በሚል ፎልደር ውስጥ ይቀራል፤ ሙሉ ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፊርማ፣ ጉርድ ፎቶ። በሌላ ሰው ስም ሲም ካርድ ለማውጣት፣ ገንዘብ ለመበደር ወይም ዘመድ መስሎ ለማጭበርበር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ የተዘጋጀ ማኅደር አይገኝም።

ብዙ ሰው አደጋውን በደፈናው ያውቀዋል። ለዚህም ነው ኮምፒውተሩን ከመስጠቱ በፊት ጥገና ቤት ወስዶ «ወንድሜ፣ ፎርማት አድርግልኝ፤ ለእህቴ ልጅ ልሰጠው ነው» የሚለው። ባለሙያው ፍላሽ ይሰካል፣ አዲስ ዊንዶውስ ይጭናል፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ንጹሕ ስክሪን ያስረክባል። ሁለቱም የሚሠሩት በቅን ልቦና ነው። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ውስጥ ከዲስኩ ላይ የጠፋው እጅግ ጥቂት ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ፋይል ሲሰረዝ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ዲስኩን የሚያስተዳድረው ኤንቲኤፍኤስ በሚባል ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ፋይል በአንድ ዋና መዝገብ ላይ የራሱ ቦታ አለው። መዝገቡ የፋይሉን ስም፣ የተፈጠረበትን ቀንና ይዘቱ ዲስኩ ላይ የት የት እንደተቀመጠ ይይዛል። 2 ሜጋባይት የሚሆን የፓስፖርት ስካን፣ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎባይት በሚይዙ 500 ያህል ቁራሽ ቦታዎች ላይ ይሰፍራል። ባለቤቱ ፋይሉን ሰርዞ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ሲያደርግ፣ ሀርድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ የሚሠራው ሁለት ነገር ብቻ ነው። በመዝገቡ ላይ ፋይሉን «አገልግሎት ላይ የለም» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ 500ዎቹን ቁራሾች ደግሞ «ነፃ ቦታ» ብሎ ያስመዘግባል። ቁራሾቹን ራሳቸውን አይነካም። የባለቤቱ ስም ከመሬት አስተዳደር መዝገብ ላይ ተፋቀ እንጂ ቤቱ ከነዕቃው እንደቆመ ነው።

ፈጣን ፎርማት የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አሮጌውን መዝገብ በአዲስ ባዶ መዝገብ ይተካል፤ ከመዝገቡ ውጭ ያለው ሰፊ ቦታ ባለበት ይቆያል። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን 20 ወይም 30 ጊጋባይት ያህል አሮጌ ይዘት ይሸፈን ይሆናል። ዲስኩ ግን ለምሳሌ 500 ጊጋባይት ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሀርድ ዲስክ 50 ትልልቅ ክብ ሰሌዳዎች ደርድሮ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ ባለ 500 ጊጋባይቱ ላፕቶፕ ለአዲስ ፋይል ብዙውን ጊዜ ባዶ ቦታ ስለማያጣ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተሰረዘ ፎቶ ማንም ሳይነካው እስከ ሁለተኛውና ሦስተኛው ባለቤት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል።

ያንን ፎቶ መልሶ ለማውጣት ጠላፊ መሆን አያስፈልግም። ፎቶሬክ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። መዝገቡን ጨርሶ አይጠይቅም፤ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። የጄፔግ ፎቶ ሁሉ የሚጀምርባቸው የታወቁ ባይቶች አሉ፤ ፒዲኤፍም የወርድ ጽሑፍም እንዲሁ የየራሳቸው መነሻ አላቸው። ፕሮግራሙ እነዚያን ባገኘ ቁጥር ከዚያ የሚቀጥለውን ለቅሞ አዲስ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። የፋይሉ ስም ጠፍቶ በቁጥር ይተካል። ፊቱ፣ ፊርማውና የፓስፖርት ቁጥሩ ግን ተመልሰው ይመጣሉ። ፕሮግራሙ ለክፋት አልተሠራም፤ በስህተት የተሰረዘ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የሟች አባት ፎቶ በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ድኗል። የጥገና ባለሙያ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ መሣሪያ ነው።

ነገሩ በጥናት ተፈትሿል። ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሸላት የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ሳሉ 158 ያገለገሉ ሀርድ ዲስኮች ገዙ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። ከዲስኮቹ 129ኙ ይሠሩ ነበር። ከነዚህ በአግባቡ ተጠርገው የተገኙት 12 ብቻ ናቸው። ከቀሩት ላይ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች፣ የሕክምና መረጃዎችና የግል ደብዳቤዎች ወጡ። አንዱ ዲስክ ከገንዘብ ማውጫ ማሽን የተነቀለ ነበር። ብዙዎቹን ዲስኮች ባለቤቶቻቸው ፎርማት አድርገዋቸው ነበር፤ ትልቁ ትምህርትም እሱ ነው።

ለአፍሪካ አንባቢ የሚቀርበው ግን የጋናው ታሪክ ነው። የአሜሪካው ፍሮንትላይን የቴሌቪዥን ዝግጅት ዘጋቢዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ከውጭ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች የሚሸጡበት የጋና ገበያ ገብተው ሀርድ ዲስኮች ገዙ። አንዱ ውስጥ ኖርዝሮፕ ግሩማን የተባለው የጦር መሣሪያ ኩባንያ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተዋዋላቸውን በሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠሩ ሥራዎች የሚመለከቱ ሰነዶች አገኙ። ያን ያህል የጥበቃ በጀት ያለው ድርጅት ከጠፋበት፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም አንድ ተመራቂ ተማሪ ሳያውቀው ቢቀር አይፈረድበትም። ከውጭ የገባ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰውም ከዚህ የሚወስደው አለ። ዲስኩ ላይ የማን ጉዳይ፣ ምን ዓይነት ቫይረስ ተደብቆ እንደመጣ አያውቅምና መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ቢያስጠርገው ለራሱም ይበጃል።

መፍትሔው ይቻላል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰዓትና ቅደም ተከተል ነው።

ከማጥፋት በፊት ማዳን ይቀድማል። የሚፈለገው ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል፤ ከተገለበጠ በኋላም ጥቂት ፋይሎችን እዚያው ላይ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የተገለበጠ መስሎ የማይከፈት ፋይል ብዙ ነው። ቀጥሎ ከየአካውንቱ መውጣት ነው። ቴሌግራምን ከስልኩ ላይ «ዲቫይስስ» ወደሚለው ገብቶ ሌሎቹን መሣሪያዎች በሙሉ ማስወጣት ይቻላል። ጂሜልም እንደዚሁ ከሌላ መሣሪያ ሆኖ አሮጌውን ለማስወጣት ይፈቅዳል። ላፕቶፑ ከተሰጠ ከወር በኋላ ይህ ትዝ ላለው ሰውም መንገዱ አሁንም ክፍት ነው፤ ዛሬውኑ ያድርገው።

ከዚያ የዲስኩን ዓይነት መለየት ነው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ «ታስክ ማኔጀር» ተከፍቶ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ሲነካ ዲስኩ ኤችዲዲ ይሁን ኤስኤስዲ ይነግራል። ሁለቱ የሚጠረጉበት መንገድ ስለሚለያይ ይህን ሳያውቁ መጀመር ትክክል አይደለም።

ኤችዲዲ የሚባለው የድሮው ሀርድ ዲስክ ነው፤ ውስጡ የሚሽከረከር፣ በስስ ማግኔታዊ ልባስ የተሸፈነ ክብ ሰሌዳ አለው። እዚህ ላይ ማጥፋት ማለት ከመጀመሪያው ቁራሽ እስከ መጨረሻው ድረስ በላዩ ላይ ሌላ ነገር መጻፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዜሮ። በጥገና ባለሙያዎች ዘንድ «ሰባት ጊዜ» ወይም «35 ጊዜ መጻፍ አለበት» የሚል ወሬ አለ። የ35ቱ ምንጭ ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረበው ጥናት ነው። እሱ ያጠናቸው ዲስኮች ዛሬ የሉም፤ ለዘመኑ ዲስኮች 35 ጊዜ መጻፍ ትርጉም እንደሌለው ራሱ ጉትማን ተናግሯል። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ከ2001 ወዲህ ለተሠሩ ዲስኮች አንድ ጊዜ መጻፍ በቂ ነው ብሏል። አንድ ጊዜ፣ ግን እስከ መጨረሻው።

ለተራ ተጠቃሚ ቀላሉ መንገድ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ነው። «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ከተመረጠ በኋላ «ቼንጅ ሴቲንግስ» ውስጥ ገብቶ «ክሊን ዴታ» የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። ያ ካልበራ የሚሆነው ከተለመደው ፎርማት ብዙም አይሻልም። ይህ መንገድ ለቤት ኮምፒውተር ይበቃል፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ግን ለመንግሥትና ለኢንዱስትሪ ደረጃ አልተሠራም ይላል። ለመሥሪያ ቤት የሚሻለው ሽሬድኦኤስን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን ከፍላሽ አስነስቶ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ መጥረግ ነው። ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘ ባለሙያ ደግሞ «ክዊክ ፎርማት» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንስቶ ሙሉ ፎርማት ቢያደርገው ይሆናል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሙሉ ፎርማት ዲስኩን በዜሮ ይሞላል፤ የድሮው ኤክስፒ ግን አይሞላም። በነዚህ ሁሉ መንገዶች ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ሁለት ዲስክ በተሰካበት ኮምፒውተር ላይ የሚጠረገውን ለይቶ ሳያረጋግጡ መጀመር የደንበኛን ባክአፕ ለዘላለም ማጥፋት ነው።

ሰዓቱን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ዲስክ 500 ጊጋባይት ለመሙላት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ ያረጀ ዲስክ ከዚያ እጥፍ ሊወስድ ይችላል። ወልድያና መርሳ ላይ ደግሞ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አይታወቅም። መሃል ላይ ከተቋረጠ ያልተደረሰበት የዲስኩ ክፍል እንዳለ ነው፤ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር አለበት። ባትሪው ደህና ለሆነ ላፕቶፕ ችግሩ ቀላል ነው፤ ዴስክቶፕ ግን ያለ ዩፒኤስ ባይሞከር ይሻላል። ደንበኛ ችኩል ነው፣ ባለሙያም ሌላ ሥራ አለው፤ ሆኖም «ነገ ጠዋት ና» ብሎ ሌሊቱን በሙሉ የሚጠርግ ጥገና ቤት ለተጨማሪ ክፍያ የሚገባው ሥራ እየሠራ ነው።

ኤስኤስዲ ሌላ ፍጥረት ነው። የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ መረጃው የሚቀመጠው በቺፕ ላይ ባሉ ጥቃቅን ሴሎች ነው። እያንዳንዱ ሴል ሊጻፍበት የሚችለው የተወሰነ ጊዜ ስለሆነ፣ የዲስኩ መቆጣጠሪያ አንዱ ቦታ ቶሎ እንዳያልቅ ጽሑፉን በየጊዜው ወደተለያየ ሴል ያዞረዋል። ዊንዶውስ «እዚህ ቦታ ላይ ዜሮ ጻፍ» ሲለው መቆጣጠሪያው ዜሮውን ሌላ ሴል ላይ ጽፎ አሮጌውን እስኪመቸው ድረስ ሊተወው ይችላል። ኮምፒውተሩ ጨርሶ የማያየው መጠባበቂያ ቦታም አለው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ሲፈትሹ፣ ለሀርድ ዲስክ የተሠሩ አንድን ፋይል ለይቶ የማጥፊያ ዘዴዎች ኤስኤስዲ ላይ አንዳቸውም አልተሳኩም። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደግሞ ከተሞከሩት ዲስኮች አንዱ «ጠርጌ ጨርሻለሁ» እያለ መረጃው ሙሉ በሙሉ ውስጡ መገኘቱ ነው።

ስለዚህ ለኤስኤስዲ የሚሠራው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የዲስኩ አምራች ባዘጋጀው ፕሮግራም ወይም አንዳንድ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ ባለው የማጥፊያ ትእዛዝ መቆጣጠሪያው ራሱ ሴሎቹን ሁሉ እንዲያጸዳ ማዘዝ ነው። ሁለተኛው የተሻለው ነው፤ ኮምፒውተሩ ገና ሥራ ላይ ሳለ ዲስኩን በሙሉ መመስጠር። ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር፣ ማክ ላይ ፋይልቮልት፣ ሊኑክስ ላይ ሉክስ አለ። የተመሰጠረ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ያለ ቁልፉ የማይነበብ የቁጥር ውጥንቅጥ ነው። ቁልፉ ሲጠፋ፣ በየሴሉ የቀረው ቁራጭ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ምስጠራ ሌላም ጥቅም አለው፤ ወልድያ ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ በተያዘችባቸው ወራት ቢሮዎች፣ የጤና ተቋማትና የትምህርት ተቋማት ተዘርፈዋል። ከሄደው ንብረት መካከል ኮምፒውተር ነበረበት። የተዘረፈ ኮምፒውተር ባለቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጠርግበት ቀን አይሰጠውም። የታካሚ ካርድ፣ የተማሪ ውጤት፣ የደመወዝ ዝርዝር የያዘ ዲስክ ያልተመሰጠረ ከሆነ ከነሙሉ ይዘቱ ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ተቋማቱ አዳዲስ ኮምፒውተር ሲተኩ ምስጠራውን ከመጀመሪያው ቀን ማብራት ነበረባቸው፤ አሁንም አልረፈደም። ቁልፉን በወረቀት ጽፎ በካዝና ማኖር ግን ግዴታ ነው፤ ቁልፉ የጠፋበት መሥሪያ ቤት የራሱን ሰነድ ራሱ አይከፍተውም።

ስልክን በተመለከተ ነገሩ ቀለል ይላል። የቅርብ ዓመታት አንድሮይድና አይፎን ስልኮች ማኅደራቸውን አስቀድመው ስለሚመሰጥሩ፣ ከጉግል ወይም ከአፕል አካውንት ወጥቶ «ፋክተሪ ሪሴት» ማድረግ በአብዛኛው ይበቃል። ሜሞሪ ካርዱንና ሲሙን ማውጣት ግን አይረሳ።

የማይነሳ፣ የሚያንኳኳ፣ ኮምፒውተሩ የማያውቀው ዲስክም አለ። ተበላሽቷል ብሎ ከነመረጃው መሸጥ ስህተት ነው፤ የተበላሸው ሰርኪዩት ተቀይሮ ሰሌዳዎቹ ሊነበቡ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ዲስክ አውጥቶ በድሪል ሰሌዳዎቹ ድረስ በበርካታ ቦታ መብሳት ነው፤ ከኤስኤስዲ ደግሞ እያንዳንዱን ጥቁር ቺፕ መሰባበር ያስፈልጋል። ማቃጠል አይገባም፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ከተጠረገ በኋላ መፈተሽ የሥራው ግማሽ ነው። ባለሙያው ራሱ ፎቶሬክን ከፍቶ የጠረገውን ዲስክ ያስነብበው። አንድም አሮጌ ፎቶ ካልወጣ ሥራው ተሠርቷል። ይህን ለደንበኛው ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ ጥገና ቤት ስሙ በከተማው ቶሎ ይወጣል።

ከኮምፒውተር ሌላ ማንም የማይጠረጥረው ማሽን አለ፤ የመሥሪያ ቤት ትልቁ ፎቶ ኮፒ። ብዙዎቹ ዘመናዊ ዲጂታል ፎቶ ኮፒዎች ውስጣቸው ሀርድ ዲስክ ስላላቸው ያባዙትን ሰነድ ምስል ያስቀራሉ። የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2010 ከመጋዘን ያገለገሉ ፎቶ ኮፒዎች ገዝቶ ሲከፍት የፖሊስ ምርመራ ሰነድና የታካሚዎች መረጃ አገኘ። መረጃው የወጣበት አፊኒቲ የተባለ የጤና መድን ድርጅት ከሦስት ዓመት በኋላ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። ሞርጋን ስታንሊ የተባለው ባንክም አሮጌ ሰርቨሮቹን ስለ መረጃ ማጥፋት ምንም ልምድ ለሌለው ዕቃ አጓጓዥ ድርጅት ሰጥቶ ዲስኮቹ በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የ35 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ወድቆበታል። ጉዳዩ 15 ሚሊዮን ያህል ደንበኞችን ይነካ ነበር።

እዚህም ሕጉ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ ማስታወሻንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም በጥንቃቄ እንዲያኖረውና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳያቆየው ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ከነመረጃው በጨረታ መሸጥ ከዚህ ግዴታ ጋር አብሮ አይሄድም።

ጊዜውም የሚያጣድፍ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወደ 11 መሸጋገር የማይችሉ ብዙ ኮምፒውተሮች በየመሥሪያ ቤቱ ስቶር እየገቡ ጨረታና ስጦታ ይጠብቃሉ። ንብረት ክፍል ሲያስረክባቸው የሚመዘግበው የሲፒዩውንና የሞኒተሩን ቁጥር ነው። የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ መሥሪያ ቤቶች በሚቀጥለው የንብረት ማስወገጃ ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ይጨምሩ፤ ዲስኩ ተጠርጓል፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ባለሙያ፣ ተፈትሾ። ይህን ለማድረግ በጀት መጠየቅም ከዞን መመሪያ መጠበቅም አያስፈልግም። መጥረግ የማይችል መሥሪያ ቤት ደግሞ ኮምፒውተሩን ሲሰጥ በካቻቪቴ ሁለት ብሎን ፈትቶ ዲስኩን ያስቀር፤ ተቀባዩ አዲስ ዲስክ ገዝቶ ይጨምርበት።